ፕሮግራሙን የያዘው እጅ

ሰውየው ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«ሁለት ኮፒ። በሁለቱም ገጽ።»

«ቀለም አልቋል» አለች መርፌ፣ ቀና ሳትል።

«እጠብቃለሁ።»

ምልክቱ ልክ ነበር። ሰውየው የማምለጫው መኪና ሾፌር ነው። ሰፈሩ በኮምፒውተር ጠጋኝነት ብቻ የሚያውቃት መርፌ ፍላሹን ሰካችና ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን ከፈተች። ከመንገዱ ማዶ፣ በደህንነቱ ሕንፃ ምድር ቤት ባሏ ታስሯል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማንም ወዳልተመለሰበት ቦታ ይወስዱታል። የእስር ቤቱን በሮች የሚከፍተውም የሚዘጋውም አንድ ፕሮግራም ነው። ሥራዋ ፕሮግራሙን እዚሁ ሆና መያዝ፣ ማቆም፣ «ዝግ» የሚለውን «ክፍት» ማድረግና መልቀቅ ነበር።

ትእዛዙን ጻፈች።

«አልተቻለም። ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ይዞታል።»

ደግማ ጻፈች። ያው መልስ መጣ።

አንድን ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። መግቢያውን የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እሷና አጎት። አጎት የምስጢር ስም ብቻ አይደለም፤ የእናቷ ወንድም ነው። ያሳደጋት እሱ፣ ይህን ሥራ ሀ ብሎ ያስጀመራት እሱ፣ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ዓመታት የተቀመጠውም እሱ።

የጆሮ ማዳመጫዋን ነካች።

«አጎቴ፣ አንተ ነህ የያዝከው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ልቀቀው!»

«ጠረጠሩኝ፣ ልጄ። አንቺ ላይ እንዳይደርሱ ባልሽን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«በሩን ክፈት።»

«የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

እንግዲህ የብብቷ የቱ ነው? ባሏ ወይስ አጎቷ?

አንድ መንገድ ቀርቷታል። ፕሮግራሙን መግደል፤ ጨርሶ ማጥፋት። ሲሞት በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ፤ እሳት ቢነሳ ሰው እንዳይቃጠል ተብሎ እንዲያ ነው የተሠራው። ግን ጠባቂዎቹ መጀመሪያ የሚሮጡት ፕሮግራሙን ይዞት ወደነበረው ሰው ነው። እሷ ከመንገድ ማዶ ናት። አጎቷ እዚያው መሀላቸው፣ ወንበሩ ላይ።

«ፕሮግራም አይገደልም፤ ይታከማል» ይላት ነበር ልጅ ሳለች። ያኔም ትወደው ነበር። አሁንም ትወደዋለች።

ገደለችው።

ደወል ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ሩጫ። ወንበር ሲወድቅ። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» የሚል ቁጣ።

«ከማንም» አለ አጎት። «ብቻዬን ነኝ።»

መስመሩ ተቆረጠ።

ሾፌሩ በመስኮት አየ። «እስረኞቹ እየወጡ ነው! ነይ እንጂ፣ መኪናው ጓሮ ነው።»

«አብረን ከታየን ሁላችንም አለቅን። ባሌን ይዘህ ሂድ።»

«ስለ አጎት ቢጠይቀኝስ?»

«እሱ ነው ያዳነህ በለው።»

በሩ ላይ «ቀለም አልቋል» የሚል ወረቀት ለጥፋ ወጣች። ጠባቂዎች በአጠገቧ እየሮጡ አለፉ። የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ገብታ እግሯን እያየች ቆመች።

«ልጄ» አሏት ከኋላዋ ያሉ እናት፣ «ተራሽ ደርሷል እኮ።»

ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ገባች።