የአቶ ማርቆስ ቤት ጠቅላይ ሚኒስትር

ሩታ ለማስተርስ ክፍሏ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሥልጣን ጽሑፍ ስታቀርብ፣ ከኋላ የተቀመጠ ረጅም ልጅ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ቆይቶ በመጨረሻ እጁን አወጣ። ፍፁም ይባላል።

«የፈረንሳይና የእኛ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«አሁን ተናገርኩት እኮ! እዚያ ዋናው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመው እሱ ነው። እዚህ ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፤ አምባሳደር ይቀበላል፣ አዋጅ ይፈርማል። ሥልጣኑ ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሌላ ጥያቄ?»

«ሻይ ትጠጫለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሩታ አልሳቀችም። ሻዩን ግን ጠጣች፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ።

ዓመቱ ሲገባደድ ፍፁም ሽማግሌ ለመላክ ቆረጠ። እሱ የኦርቶዶክስ፣ እሷ የፕሮቴስታንት ልጅ ናት። ስለዚህ አባቷን አቶ ማርቆስን አስቀድሜ መያዝ አለብኝ ብሎ፣ አብሯቸው ኳስ ሲያይ፣ ቡድናቸው ሲሸነፍ አብሯቸው ሲናደድ ከረመ።

ሽማግሌዎቹ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው የሩታ ወላጆች ቤት መጡ። እንደ ወጉ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡምና ቆሙ። አቶ ማርቆስ «እኔስ ደስታውን አልችለውም» ብለው ሳይጨርሱ ሚስታቸው ወይዘሮ ታቢታ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«እኔን ማን አማከረኝ? ልጁን ከበር ሰላምታ በቀር አላውቀውም። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

አቶ ማርቆስ ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኙ።

ሩታ በባጃጅ ወደ ከተማው ሐይቅ ዳር ከነፈች። ፍፁም እዚያ የምሥራች ይጠብቃል።

«የፈረንሳይን ሕገ መንግሥት ይዘህ እኛ ቤት መጣህ! አባዬ እንግዳ ይቀበላል፣ ይመርቃል። የምትወስነው እማዬ ናት።»

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«የሚታይ ነገር ይነገራል እንዴ?»

ፍፁም ከተቀመጠበት ተነሳ። «እሺ፤ ነገ የት አገኛቸዋለሁ?»

ሰበብ አልደረደረም። ይህን ወደደችለት።

በማግስቱ ወይዘሮ ታቢታን ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ከሚገኘው የጎመን ማሳቸው አገኛቸው።

«እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ መጣሁ።»

«ልጄን ቤተ ክርስቲያኗን ታስለውጣታለህ?»

«አላስለውጣትም። እሷም አታስለውጠኝም።»

«እናትህስ በዚህ ይስማማሉ?»

«አነጋግራታለሁ።»

«አነጋግረህ ና።»

አነጋግሮ መጣ። እናቱ አኩርፋ፣ አልቅሳ፣ በስተመጨረሻ እሺ ማለቷን ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉት።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቆሙ። አሁን ሁሉም የሚያየው ወይዘሮ ታቢታን ነው። እሳቸው ግን ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ሩታ! ነይ እስኪ። ይኼ ሁሉ ሽማግሌ ሲመላለስ አንቺን የጠየቀሽ አለ?»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሩታ ወንበሮቹን ጎተተች።

«ቁጭ በሉ እንጂ፣ አባቶቼ! ምሳው ቀዘቀዘ እኮ።»