የጭቃው ቤት ሁለት ቀዳዳዎች

አርክቴክቱ ራሱ በሠራው የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ አመዱ የቀዘቀዘ የከሰል ምድጃ አለ። ከጣሪያው ሥር ያሉት ሁለት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ከውጭ ተደፍነዋል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን በራሳቸው ጨርሰውት፣ የግንበኛውን እጅ በካቴና አስረዋል። ትናንት ጠዋት ግድግዳ ይፍረስ አይፍረስ ተባብሎ ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ ቀዳዳዎቹ ጋ የሚያደርሰው መሰላልም የእሱ ነው። እሷ ግን ለቸኮለ ፖሊስ ጆሮ የላትም።

«ምድጃውን ማን አመጣው?» ስትል ሚስትየውን ጠየቀች።

«እኔ ነኝ። ግድግዳው ሳይደርቅ አልወጣም ብሎ እዚህ ማደር ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ሳሉ ሲብስበት ትናንት ማታ ከሰል አቀጣጥዬ አመጣሁለት። ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው ብዬ ነው እኮ፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።»

የሟቹ አባት በሩ ላይ ቆመዋል። አርባ ዓመት በብሎኬት ሲገነቡ ስለኖሩ ሠራተኛው «አባ ብሎኬት» ይላቸዋል። ልጃቸው ወደ ጭቃ ሲዞር ዓመት ሙሉ አኩርፈውት ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ይሰቀልልኝ» አሉ ወደ ግንበኛው እያመለከቱ።

«ትናንት እዚህ መጥተው ነበር፣ አባባ?»

«ከሰዓት በኋላ። ልጄ እንጨት ሊመርጥ ሄዶ፣ ሠራተኛውም ወጥቶ ማንንም አላገኘሁም። በእነዚያ ቀዳዳዎች የሚገባው ንፋስ ደረቱን ጨረሰው። ስንቴ ነገርኩት!»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ አልደፈንኩም» አለ ግንበኛው። «ልጆቼ ከእኔ በቀር ማንም የላቸውም።»

«ጭቃችሁን በምን ትሠሩታላችሁ?»

«ከጭድ ጋር ሦስት ሳምንት እናቦካዋለን። ሲሚንቶ እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም፤ ብናስገባ አርክቴክቱ ያባርረን ነበር።»

ኢንስፔክተሯ መሰላሉን ወጥታ ድፍኑን በቁልፏ መታች፣ ጫረች። ከዚያ ወርዳ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ጭቃ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ይሄ ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ላዩ በስሱ ጭቃ ተቀባ እንጂ ውስጡ ሲሚንቶ ነው። እግሩ ሥር የቦካ ጭቃ ያለው ግንበኛ ሲሚንቶ ፍለጋ አይሄድም። ሲሚንቶው እንዲይዝ ደግሞ የቀዳዳው ዙሪያ አስቀድሞ ተጫጭሯል። ይሄ የብሎኬት ሠራተኛ ልማድ ነው።»

እዚህ ላይ ማቆም ብትችል በወደደች፤ ግን በካቴና የታሰረው ሰው ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር።

«ጠርዙ በጥንቃቄ ተስተካክሏል፤ ጭቃ የተቀባውም አርክቴክቱ አይቶ እንዳይቆጣ ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ይሄን ያህል አይለፋም። የደፈነው የሚወደው ሰው ነው፤ ማታ ከሰል እንደሚመጣም አላወቀም። አባባ፣ ንፋስ እንዳይመታው ብለው ነው፣ አይደል?»

አዛውንቱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«ጠዋት በሩ ሲከፈት ነው የገባኝ» አሉ። «እሱ ነው፣ እሱ ነው ያልኩት ለራሴም እውነት እንዲመስለኝ ነበር።» ግንበኛውን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ሚስትየው መጥታ አማቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንኛቸውም አላለቀሱም፤ እንባውም አልቆባቸዋል።

«ቤቱ እኮ ያምራል፣ ልጄ» አሏት አዛውንቱ። «አንድም ቀን አልነገርኩትም።»