የሰባት ደቂቃ ስብከት

«በየቀኑ! በየቀኑ ሄድኩ!» ዛራያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። መዳፏን አትሮኖሱ ላይ አሳረፈችና ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ በሹክሹክታ ጨረሰችው፦ «ጓደኛዬን ተሸከምኳት።»

በባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አክስቷ ቬርና ኦርጋኑ ጋ ተቀምጣ እንባዋን ጠረገች።

«ኧረ ልጄ! እሁድ ይሄን ሕዝብ ከመቀመጫው ነው የምታስነሺው። ‹ተሸከምኳት› ስትዪ እኔ በኦርጋኑ እገባለሁ። ሳያለቅስ የሚወጣ ሰው አይኖርም!»

ዛራያ ፈገግ አለች። አስራ አምስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ የንግግር ውድድር ሁለት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥታለች፤ ስለዚህ በወጣቶች እሁድ ማን ይስበክ ሲባል የሌላ ሰው ስም የጠራ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኳ ላይ ሰባኪዎችን እያየች ተለማምዳለች፤ የት ላይ እንደሚጮኹ፣ የት ላይ ዝም እንደሚሉ፣ መሐረባቸውን መቼ እንደሚያወጡ ሳይቀር። የመረጠችው ታሪክ አራት ሰዎች ሽባ ወዳጃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ በሩ በሰው ቢዘጋባቸው ጣሪያውን ነድለው ወደ ኢየሱስ ያወረዱበትን ነው። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ የራሷን ምሳሌ ጨመረች፦ ባለፈው እረፍት የጓደኛዋ የካሚሻ እናት ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ሲተኙ፣ እሷ ከካሚሻ ጎን አለመለየቷን።

ፓስተር ሊትልጆን የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ጉሮሯቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ማይክሮፎን ይዘው እንኳ ድምፃቸው የሚሰማው በጭንቅ ነው። ዛራያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው እሳቸውን ለመስማት ለምን እንደሚመጣ ገብቷት አያውቅም።

«እንዴት ነበር ፓስተር?» አለቻቸው ከመድረኩ ወርዳ።

«ድምፅሽ ስጦታ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ።» «ይሄን ስትጽፊ፣ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ የታየሽ ማነው?»

«ሕዝቡ ነዋ!»

«ሕዝብማ ፊት የለውም» አሉ፤ ድምፃቸው ስለማይሰማ ዛራያ ጠጋ አለች። «እኔ ስዘጋጅ አንድ ሰው እመርጣለሁ። የጻፍኩትን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልናገረው የማልችል ከሆነ እሰርዘዋለሁ። ጥሩ ጥሩው ሁሉ እንደዛ ተሰርዞብኛል።» ሳቅ ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። «ካሚሻ እሁድ ትመጣለች?»

«እንጃ።»

ይህን ብለው ወጡ። ሌላ ማለት አላስፈለጋቸውም። በእነዚያ ሳምንታት ሆስፒታሉ ውስጥ በየቀኑ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዛራያ የሄደችው አንድ ቀን ብቻ ነው። የካሚሻ እናት፣ የሚስ ዶሪን ፊት አብጦ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ካሚሻ እጇን ጥብቅ አድርጋ ስትይዛት፣ በየመድረኩ ቃል የማያጥራት ልጅ የምትለው ጠፋት። በማግስቱ ካሚሻ ስትደውል ስልኩን አላነሳችም። ከዚያ በኋላም አላነሳችም። ትምህርት ሲከፈት ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ «ሃይ» ብቻ ይባባሉ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ዛራያ ወደ ካሚሻ ቤት ሄደች። ካሚሻ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች፤ ሁለቱ ትንንሽ ወንድሞቿ ግቢው ውስጥ ውሃ ይረጫጫሉ።

«ውይ፣ ሰባኪያችን መጣች!» አለች ካሚሻ ቀና ሳትል።

«ሙድ አትያዢብኝ በናትሽ።»

«ማን ሙድ ያዘ? አክስትሽ ሱቅ ለሱቅ እያወራች ነው። ስለ እኔ ልትሰብኪ ነው አሉ። ተሸክመሽኝ ነበር አሉ።» አሁን ቀና ብላ አየቻት። «እስቲ ንገሪኝ፣ የት ነው ያደረስሽኝ?»

የዛራያ ፊት ጋለ። «ውሸት ነው» አለች። «ፈርቼ ነው ካሚ። ምን እንደምልሽ አላውቅም ነበር። ስትደውዪ ስልኩ ላይ ስምሽን አየዋለሁ… ዝም እስኪል እጠብቃለሁ።»

«አይተሽው ነው?» ካሚሻ የያዘችውን ፎጣ ጭኗ ላይ ጣለችው። «እኔ እኮ ስልክሽ የተበላሸ ነበር የመሰለኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ።»

«ነገ እውነቱን እናገራለሁ። ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

«እንዳትሞክሪያት!» ካሚሻ ብድግ አለች። «አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አክስትሽ ኦርጋኑን ታስለቅሰዋለች፣ ሰዉ ተሰልፎ ያቅፍሻል። እኔ ደግሞ መሀል ላይ ተጎልቼ ‹ይቅር ብያለሁ› ልበል? አላልኩማ! ገና አላልኩም። የማንም ምሳሌ አይደለሁም ዛራያ። ስሜን እንዳትጠሪ።»

ዛራያ እየተናደደች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይቅርታ ልጠይቅ ብትል ምን ያስቆጣል? ግን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ስታነብ ካሚሻ ያለችው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታያት፤ እንባው፣ ኦርጋኑ፣ ሰልፉ። ያንንም ፈልጋው ነበር። ማሳረጊያውን ሰረዘችው። እሱ ሲሰረዝ ወደ እሱ የሚወስደው ጩኸትም ትርጉም አጣ፤ እሱንም ሰረዘች። ከአምስት ገጽ አንድ ተኩል ቀረ። ታሪኩን እንደገና፣ በዝግታ አነበበችው። በሩን የዘጉት ሰዎች ላይ ስትደርስ ቆመች።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ካሚሻ አልመጣችም። ዛራያ መሐረቡን ቤት ትታ ነው የወጣችው። ታሪኩን ለአንድ ሰው እንደምታወራ አድርጋ ተረከችው።

«እኔ ከተሸካሚዎቹ አንዷ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለካስ በሩ ላይ ከቆሙት ነኝ። ክፉ ሰዎች እኮ አልነበሩም። ጥሩ ቦታ ይዘው ቃሉን እየሰሙ ነበር። ዞር ብለው ቢያዩ መንገድ ይለቁ ነበር። እኔ ግን አይቻለሁ። የሚጠራኝን ሰው አይቼ ነው ዝም ያልኩት።»

እዚህ ላይ ቃል አጠራት። «አሜን» ያለ የለም። አክስቷ ጣቶቿን ኦርጋኑ ላይ አንጠልጥላ ግራ ገብቷት ታያታለች።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉ ከፊት አግዳሚ ዲያቆን ሩፈስ። «ቀስ በይ፣ አለንልሽ።»

«የማን መንገድ ላይ እንደቆምኩ አውቃለሁ» አለች። «እናንተም የምታውቁት ሰው ይኖር ይሆናል። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሰባት ደቂቃ አልሞላም። ተነስቶ ያጨበጨበ አልነበረም።

«አጠረ እኮ!» አለቻት አክስቷ በምሳው አዳራሽ ዶሮ እያወጣች። «ያ ሁሉ ልምምድ! የሚያስለቅሰውስ የት ገባ?»

«ሰረዝኩት አክስቴ።»

ንፋስ ልትቀበል ወደ ደጅ ወጣች። ዲያቆን ሩፈስ፣ የእሁድ ምሳ አምልጧቸው የማያውቁት ሰው፣ የጭነት መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ስልክ ይዘዋል። ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በአባታቸው መሬት ተጣልተው ስድስት ዓመት እንዳልተነጋገሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ይሰበራል። «አዎ፣ ሩፈስ ነኝ። እባክህ እንዳትዘጋው።»

ዛራያ እንዳታቋርጣቸው በጓሮ ዞራ ወጣች። ስትጽፍ ዲያቆን ሩፈስ አንዴም ትዝ ብለዋት አያውቁም ነበር።

ከዚያው ወደ ካሚሻ ቤት ሄዳ አንኳኳች። ካሚሻ በሩን ከፍታ ደገፍ ብላ ቆመች።

«ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም።»

«አስለቀስሻቸው?»

«ማንንም። አክስቴ ተበሳጭታለች።»

ካሚሻ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እናትሽን ለኩላሊት እጥበት ስትወስጃቸው፣ ትንሾቹን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያሳፍራቸው ማነው?»

«እኔው ነኛ። አሳፍሬ እስክንደርስ እማዬ ተራ ያመልጣታል።»

«እኔ ላሳፍራቸው። በስንት ሰዓት ልምጣ?»

ካሚሻ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «አንድ ሰኞ መጥተሽ ብትጠፊ፣ ለነሱ ምን እላቸዋለሁ?»

ዛራያ መልስ ነበራት፤ ያማረ መልስ። ዋጠችው።

«ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል» አለች ካሚሻ በመጨረሻ። «ታናሹ ጫማዬን ራሴ አስራለሁ ካለሽ እንዳታምኚው።»

በሩ ሲዘጋ ዛራያ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። የማንቂያውን ደወል ለሰኞ ሞላችው። ትንሽ አሰበችና ረቡዕንና ዓርብንም ጨመረች።