መጀመሪያ የታመመው ሰው

«እናንተ ከዚህ አትቀዱም» አለ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ በዛብህ፣ የትዕግስትን ጀሪካን በእግሩ ገፋ አድርጎ።

ዮዲት ምንጩ ላይ ከኋላዋ ተሰልፋ ነበር። ሁለቱ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ትዕግስትና እናቷ እህተማርያም ከእንጅባራ ወጣ ብላ ወዳለችው ወደዚህች መንደር የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት፣ መተከል ውስጥ ቤታቸው ሲቃጠል ነው። አሁን መንደሩ ውስጥ አተት ገብቶ በአንድ ሳምንት አስራ አንድ ሰው ስለታመመ፣ በሽታውን ያመጡት ተፈናቃዮቹ ናቸው ይባላል። መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም።

ትዕግስት ዞር ብላ ዮዲትን አየቻት። ዮዲት ጫማዋን አየች።

ከሁሉም ቀድሞ የታመመው የዮዲት አባት አስማረ ነበር። ከሰል ጭኖ ከሄደበት ሆዱን ይዞ ተመለሰና ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሰነበተ። እናቷ ስሜነሽ በር ዘግታ አስታመመችው። እሁድ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ የተበላሸውን አንሶላ ከምንጩ በላይ ወስዳ አጠበች።

ዮዲት ከምንጩ እንደተመለሰች እነትዕግስት መከልከላቸውን ለእናቷ ነገረቻትና የአባዬን መታመም እንናገር አለቻት። ስሜነሽ ሽሮ ማማሰሏን አላቆመችም።

«እነሱ መሄድ ለምደዋል» አለች። «እኛን ቢያባርሩን የት እንገባለን?»

ዮዲት ነገሩን ተወችው። ዝምታው ቀለላት፤ ቆይቶ ያሳፈራትም ይኸው መቅለሉ ነበር።

ትዕግስትና እናቷ ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ። በአራተኛው ቀን እህተማርያም ታመመች። ተኩስ ስለነበር የእንጅባራ መንገድ ተዘግቷል፤ አምቡላንስ አልመጣም። ባለባጃጁ ጤና ጣቢያ ድረስ እንኳ አልጭንም አለ። ትዕግስት እናቷን ደግፋ በእግር ይዛት ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ እህተማርያም ልጇ እጅ ላይ ሞተች።

ቀብሩ ላይ ከነቄሱ ስድስት ሰው ተገኘ። እድርተኛው ቀረ። ዮዲት ግን ከቤት ተደብቃ ሄደች፤ ሰዎቹ ሲበተኑም ትዕግስት አጠገብ ተቀምጣ የአባቷን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

ትዕግስት አላለቀሰችም። «እናውቃለን» አለች። «ውሃ ልንቀዳ ስንመጣ እናትሽ ስታጥብ አይተናታል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«እማዬ ከለከለችኛ። ‹አያምኑንም፤ ካመኑን ደግሞ ወደ እነሱ ይዞራሉ› አለች።»

ትዕግስት አፈሩን ከቀሚሷ አራግፋ ብቻዋን ቁልቁል ወረደች።

በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወርቅአየሁ መዝገብ ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር፣ በዛብህም አብሯት ነበር። ማን መቼ እንደታመመ እየጠየቀች ትጽፋለች። ስሜነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ እዚህ ቤት ሁላችንም ደህና ነን አለቻት። ውስጥ አልጋው ላይ አስማረ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዮዲት ወጥታ ከእናቷ ጎን ቆመች።

«መጀመሪያ የታመመው አባዬ ነው» አለች።

ስሜነሽ ባለሙያዋ እንዳይገባት በአዊኛ ዝም በይ አለቻት። ዮዲት አላቆመችም። ቀኑን ተናገረች፤ አንሶላውንም፣ የታጠበበትንም ቦታ ተናገረች።

ወርቅአየሁ መጻፍ ጀመረች። በዛብህ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያም ነጠላውን አፍንጫው ላይ አደረገ።