የታኒ ሃርሚና የላምባ ፍሪጅ

ይህ የደረሰው በእኔ ነው። ሰው ነገረኝ፣ የሆነ ቦታ አነበብኩ አልላችሁም...

የሆነውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አስፈሪ ነገር በሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው የደቡብ አፍሪካን ካሩ በረሃ አያውቅም።

አይቫን እባላለሁ። እኔና የእህቴ ባል አቢ በየገበሬው ቤት እየዞርን አሮጌ ፍሪጅና ምድጃ እንገዛለን፤ አድሰን ለኬፕታውን ሰብሳቢዎች እንሸጣለን። እኔ እነዳለሁ፣ ወሬውንም እኔ አወራለሁ። ዋጋ የሚተምነው ግን አቢ ነው። እጀታውን፣ ቀለሙን፣ ማጠፊያውን ያይና በአናጢ እርሳስ በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ዋጋውን ይጽፋል።

የሰባትን ቁጥር ሲጽፍ ወገቧ ላይ መስመር ያሰምርባታል። "ሰባት ያለ ቀበቶ ሱሪዋ ይወልቅባታል" ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህች ቀልድ ስቆ አልጠገበም።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን ከፍሬዘርበርግ ከተማ ወጣ ብሎ ታኒ ሃርሚና የሚባሉ ባልቴት ቤት ደረስን፤ ታኒ በአገሩ ቋንቋ አክስቴ እንደማለት ነው። ሰኞ ወደ አረጋውያን ማረፊያ ሊገቡ ስለሆነ ዕቃቸውን እየሸጡ ነው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ አንድ የላምባ ፍሪጅ ቆሟል።

የላምባ ፍሪጅ ከሥሩ እንደ ፋኖስ ክር ይነድበታል፣ በዚያ እሳት ላዩ ይቀዘቅዛል። ሞተር የለውም። ስለዚህ ድምፅ የለውም።

ይሄኛው ግን ይተነፍሳል...

"አቢ፣ ትሰማለህ?"

"ንፋስ ነው።"

መጋረጃው ግን አልተነቃነቀም።

በሩን ከፈትነው። ከውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ቀን ተጽፎበታል። ላምባ የተሞላባቸው ቀኖች ናቸው፤ በየአሥር ቀኑ። የመጨረሻው 7/2 ይላል። የወንድ እጅ ጽሕፈት ነው፣ ሰባቷም ቀበቶ የላትም።

"የሚጽፉት ባለቤትዎ ናቸው?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ኮባስ ነው።"

"እሳቸውንም ሰላም ልበላቸው።"

በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱኝ። ውጭ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር መስቀል የተተከለበት የድንጋይ ክምር አለ። መስቀሉ ላይ 1984 ይላል።

እርጅና ነው አልኩ በልቤ።

"ዋጋው እናንተ ያላችሁት ይሁን ልጆቼ" አሉ። "እሳቱ ግን እንዳይጠፋ። እንደነደደ ጫኑት።"

"ቢጠፋስ፣ ታኒ?"

"ኮባስ አንድ ቀን ሊያጸዳው ብሎ አጠፋው..." ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከዚያን ቀን ወዲህ የሚጠብቀው እሱ ነው።"

የሚነድ ፍሪጅ ፒክአፕ ላይ የሚጭን ጤነኛ ሰው የለም። ላምባው ይፈስና መኪናው ይጋያል። "እሺ ታኒ" አልኳቸውና ለአቢ ዓይኔን ጠቀስኩት።

የጠቀስኩት እኔ ነኝ። ይህን ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

አቢ ተንበርክኮ እሳቱን እፍ ብሎ አጠፋው።

መተንፈሱ ቆመ። የፍሪጁን ማለቴ ነው።

ፍሪጁን ጭነን ስንሄድ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ነበር። አቢ መስኮቱን ዘጋ።

"በረደኝ፣ አይቫን።"

"ታሾፋለህ?"

"ጃኬትህን ስጠኝ..."

ሳቅኩበት። ከዚያ በእሱ በኩል ያለው መስታወት ከውስጥ ጉም ሲለብስ አየሁ። ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል።

የቻልኩትን ያህል ነዳሁ። ከተማ ሳንገባ አቢ ዝም አለ። እጁን ስይዘው ከበረዶ ቤት የወጣ ሥጋ ነው።

"ልቡ ነው" አለኝ ሐኪሙ።

ከሆስፒታሉ ስወጣ ፒክአፑ ላይ የታሰረው ፍሪጅ እሳቱ በርቶ ነበር...

አቢን ቀበርነው። ፍሪጁን መጋዘን ከትቼ ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም ከኪሴ አይወጣም። በሳምንቱ ገብቼ በሩን ስከፍተው 17/2 ተጽፎበታል።

ሰባቷ ቀበቶ ታጥቃለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ከኬፕታውን አንድ ሰብሳቢ ደውሎ ስንት ትለዋለህ አለኝ። ዋጋ የሚተምነው አቢ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ 27 ነው። አቢን ከዚያ ነገር ማላቀቅ አለብኝ ብዬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መዶሻ ይዤ ሄድኩ። የመጋዘኑ በር ላይ እህቴ ሮዚን ላምባ በጄሪካን ይዛ ቆማለች። ስለ ፍሪጁ አንድም ቀን አንስቼላት አላውቅም።

"ማን ነገረሽ?"

"አቢ ነዋ" አለች ቀስ ብላ። "ላምባው ሊያልቅ ነው፣ በርዶኛል አለኝ።"

"ሮዚን... አቢ ሞቷል።"

"አውቃለሁ። አንተ መዶሻውን አስቀምጥ።"

እጄ ታዘዘላት። ከፈትኩላት፣ ገባች፣ ላምባውን ሞላችው። እሳቱ ከፍ አለ። ፍሪጁ መተንፈስ ጀመረ...

በሩን ከፈተችው። ከ17/2 ሥር 27/2 ተጽፏል። ሰባቷ ቀበቶ የላትም።

የአቢ ጽሕፈት አይደለም፣ ነይ እንውጣ ልላት አፌን ከፈትኩ።

እሷ ግን ዓይኗን ከሰባቷ ላይ አልነቀለችም።

"ቆይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ገና አልጨረሰም።"

እያየናት፣ ማንም ሳይነካት፣ በሰባቷ ወገብ ላይ አንድ መስመር ቀስ ብሎ ተሰመረ።