የዳማው ጀርባ

«ልቀቂው አልኩሽ።»

አገኘሁሽ ገመዱን አልለቀቀችም። ጫፉን አባቷ አቶ ደሴ ይዘውታል፤ መሐሉን እሷ። ዳማው ፈረስ ሙግቱ ስለ እሱ መሆኑን የማያውቅ ይመስል በሁለቱ መካከል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጀርባው ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ ገጥቧል። ቁስሉን ዝንብ ወርሮታል። ግራና ቀኝ የነበረው ሥጋ ሟሽሾ አከርካሪው አግጥጦ ወጥቷል።

«ሜዳ ተጥሎ ካደረ ጅብ ይበላዋል» አለች።

«ታዲያ ምን ላድርገው? አይጭን፣ አይጋለብ። ለከብቶቹ ያልበቃ ድርቆሽ ለእሱ ከየት ላምጣ?»

«የአያልነህ ፈረስ ነው እኮ።»

የአቶ ደሴ እጅ ላላ። ታላቅ ወንድሟ አያልነህ ግንቦት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። እሱ በሄደ በሳምንቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አድማሴ መጣና «ፈረሱን ለማኅበሩ ሥራ አውሱን» አለ። ማዋስ የተባለው ከወረታ ማዳበሪያ ማመላለስ ሆነ። ከሥሩ ምንም ባልተነጠፈበት የእንጨት ኮርቻ ላይ ኩንታል እየጫኑ፣ ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ እየገባ ከረመ። ፈረሱን የመለሱት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ውኃ መጠጣት ሲያቅተው ነው።

«እስከ መስከረም ይተዉልኝ» አለች አገኘሁሽ። «ሳሩን እኔ አጭዳለሁ። ከእርስዎ ምንም አልጠይቅም።»

አባቷ የገመዱን ጫፍ ጣሉላት። «እስከ መስከረም። ከዚያ ወዲያ ግን እንዳትለምኚኝ።»

በዚያው ቀን ዳማውን እየሳበች አያ አዛናው ዘንድ ሄደች። አያ አዛናው በወጣትነታቸው በየንግሡ ጉግስ የሚገጥሙ፣ ስማቸው እስከ አንበሳሜ የተሰማ ፈረሰኛ ነበሩ። አሁን አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ከተቀመጡበት ሳይነሡ ልጅቷንም ፈረሱንም ተመለከቱ።

«ቤታችሁ ወንድ የለም?»

«ወስደውታል።»

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና የፈረሱን ጀርባ በመዳፋቸው ዳበሱ። ቁስሉን በጨው ውኃ እንድታጥብ፣ እስኪደርቅም ምንም እንዳታስነካው ነገሯት።

«ቁስሉስ ይድናል፤ ቀላሉ እሱ ነው። ከባዱ ሥጋው ነው። ጀርባው ካልሞላ ነገ ሕፃን ቢቀመጥበት ተመልሶ ይገጥባል። ጀርባን ሽቅብ የሚይዘው ደግሞ ሆድ ነው። እዪ።»

በጣቶቻቸው ጫፍ የፈረሱን ሆድ ከሥሩ ጫን አሉት። ዳማው ሆዱን ሰብሰብ አደረገና የሰረጎደው ጀርባው ቀስ ብሎ ተነሣ። አገኘሁሽ ሳታስበው ሳቀች።

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የፎገራ ሜዳ እንደ ልማዱ ውኃ ለበሰ፤ ሰው በታንኳ መሄድ ጀመረ። አገኘሁሽ በየማለዳው ዳማውን ውኃው ውስጥ ታስገባዋለች። ጉልበቱ ድረስ በሚደርሰው ውኃ ውስጥ ፈረሱ እግሩን ከፍ ከፍ ማድረግ አለበት፤ እግሩን ከፍ ሲያደርግ ሆዱ ይሠራል፤ ሆዱ ሲሠራ ጀርባው ይነሣል። ከውኃው ሲወጡ ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮረብታ አንገቱን ዝቅ አስደርጋ ቀስ ብላ ታወጣዋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአጥር የተረፉ አጠናዎችን መሬት ላይ አራርቃ ታጋድምና አንድ በአንድ ታሻግረዋለች። ደረቱን ገፋ እያደረገች ወደ ኋላ ታስኬደዋለች። ማታ ለማሰር ስትመልሰው እፍኝ ገብስ ከሽንጡ አጠገብ ትይዝለትና አንገቱን አዙሮ እስኪደርስበት ትጠብቃለች፤ መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ።

መንደሩ መሳቂያ አደረጋት። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች «የደሴ ልጅ ፈረስ ዋና ታስተምራለች» ተባባሉ። ከብት የሚያግዱት ወንዶች ልጆች አጠናዎቹን ሰርቀው ደበቁባት። ሌላ ቆርጣ አጋደመች። እናቷ ካሳነሽ አንድ ቀን «ሴት ልጅ ከፈረስ ጋር ስትንከራተት ማን ያገባታል ይላሉ እኮ» አለቻት። «ፈረስ የሚፈራ እንዳያገባኝ» አለች አገኘሁሽ፤ ሳሯንም ተሸክማ ወጣች።

አንድ ጊዜ ግን ቸኮለች። ቁስሉ ሻር ብሎ ጠጉር ማብቀል ሲጀምር አላስችል አላትና ኮረብታው ላይ ማንም ሳያያት ጀርባው ላይ ወጣች። ዳማው ወገቡን ወደ ታች ዝቅ አደረገና ጆሮውን አጣጥፎ ደርቆ ቀረ። ወዲያው ወረደች። እያለቀሰች ሄዳ ለአያ አዛናው ነገረቻቸው። አልተቆጧትም። «ቆዳ ከላይ ይድናል፤ ሥጋ ከውስጥ ነው የሚሠራው። ውስጡን ደግሞ በዓይንሽ አታዪውም። ወደ ውኃሽ ግቢ፣ ኮረብታሽን ውጪ» ብለው ሸኟት። በማግሥቱ እንደገና ከውኃው ጀመረች።

ነሐሴ ሲያልቅ የዳማው ጀርባ ሌላ ሆኖ ነበር። አከርካሪው ግራና ቀኝ በበቀለው ሥጋ መሐል ጠልቋል። በረጅም ገመድ ዙሪያዋን ሶምሶማ ስታስመታው ጀርባው እንደ ደጋን ይለመጣል። አጎዛ ጣል አድርጋ ስትወጣበት አልሸሸም፤ አንገቱን ዘርግቶ ተራመደ። አቶ ደሴ ከበሩ ላይ ቆመው አዩ። በዚያ ቀን ድርቆሽ ራሳቸው አወጡለት።

አድማሴም አየ።

በጳጉሜን አንድ ቀን ፈገግ ብሎ መጣ። አሥረኛው የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ወረታ ላይ በሰልፍ ይከበራል፤ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። «ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ሆና ባንዲራ ይዛ ሰልፉን ስትመራ! የሴቶች እኩልነት ማለት ይኸ ነው፣ አቶ ደሴ።»

አገኘሁሽ ጉንጯ ሞቀ። ክረምቱን ሙሉ የተሳቀባት ነገር አሁን ተለምና የምታደርገው ሆነ። «ያለ ኮርቻ፣ በአጎዛ ብቻ» አለች።

«እንዳሻሽ» አለ አድማሴ፤ የፈረሱን ጀርባ እያየ።

በበዓሉ ቀን ወረታ ላይ ሰልፉ ሳይጀመር አንለይ ወደ እሷ ተጠጋ። አንለይ የአድማሴ ልጅ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

«አንቺ፣ አልነገሩሽም አይደል?»

«ምኑን?»

«ከሰልፉ በኋላ ፈረሱ መጋዘን ነው የሚገባ። ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ ነው። አዝመራው ሲገባ ለመንግሥት የሚገባው የኮታ እህል በእሱ ይጫናል። አባቴ ለሚሊሻዎቹ ሲነግራቸው ሰማሁ።» ወዲያ ወዲህ አየ። «ያ ኮርቻም እዚያ ተቀምጧል።»

«ለምን ትነግረኛለህ?»

«እኔ እንጃ። ክረምቱን ሙሉ ከኮረብታው ላይ ስትወጪ ስትወርጂ አይሻለሁ።» ይህን ብሎ ወደ ሰልፉ ገባ።

ሰልፉ ተጀመረ። አገኘሁሽ ባንዲራውን ይዛ ከፊት ሄደች። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሴቶች እልል አሉ። የመንደሯ ሴቶች ናቸው፤ በክረምቱ የሳቁባት። ደስታው አልገባትም። ከጭኗ ሥር የዳማው ጀርባ ሲነሣና ሲረግብ እየተሰማት በሐምሌ ማለዳ የነበረውን ቅዝቃዜ አሰበች፤ ውኃው ውስጥ ሆና ጣቶቿ ገመዱን መያዝ እንዴት እንዳቃታቸው።

ሰልፉ ሲያበቃ አድማሴ መጥቶ ልጓሙን ያዘ። «ጎበዝ። በይ ውረጂ።»

«አልወርድም።»

እንግዶቹ ሩቅ አልነበሩም። አድማሴ ፈገግታውን ሳያጥፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አገኘሁሽ፣ ሰው ያያል።»

«ይመልከት። አያልነህን ሰጥተናል። ፈረሱን አንሰጥም።»

«አባትሽን አስቢ።»

ዓይኗ አባቷን ፈለገ። አቶ ደሴ ከገበሬዎቹ መሐል ኮፍያቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን «ውረጂ» የሚል ምልክት አልሰጧትም። አገኘሁሽ ጎንበስ አለችና የባንዲራውን ዘንግ ወደ አድማሴ ዘረጋች። ከዚያ ለቀቀችው።

ባንዲራው ዘመመ። ያን ሁሉ እንግዳ እያየ መሬት እንዲወድቅ ሊተወው አይችልም። አድማሴ በሁለት እጁ ሊይዘው ልጓሙን ተወ።

አላስጋለበችውም። የፈረሱን አንገት ወደ ሜዳው አዙራ በእርምጃ ሄደች። ሚሊሻዎቹ ከመንገዱ ጫፍ ድረስ ተከተሏት፤ ውኃው ዳር ሲደርሱ ቆመው ጫማቸውን አዩ። ዳማው ጉልበቱን ከፍ ከፍ እያደረገ ውኃው ውስጥ ገባ። ወደ ኋላ አልዞረችም። ጋማውን ጨብጣ ነው ቤት የደረሰችው።

በማግሥቱ አቶ ደሴ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ጋቢያቸውን ሲደርቡ አገኘሁሽም ነጠላዋን አጣፋች። «አንቺን አልጠሩም» አሏት። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለችና ቀድማ ወጣች።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ አባላት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም ትናንት ወረታ ነበሩ። አድማሴ ሥነ ሥርዓት ስለ ማፍረስ ብዙ ተናገረ። እስር ይገባታል ባለ ጊዜ ከአባላቱ አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ «ወንድሟ ግንባር የሄደባትን ልጅ ለፈረስ ብለን ብናስር አገሩ ምን ይለናል?» አሉ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። አድማሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያስ ፈረሱ ይቅርላችሁ። የኮታችሁን እህል ግን በማኅበሩ አህዮች አንጭንም። ፈረሱ ለማኅበሩ ካልጫነ ለእናንተም አይጭንም። ወረታ ድረስ በጀርባችሁ ታደርሱታላችሁ። ምረጡ።»

አቶ ደሴ መንገዱን ያውቁታል፤ ጭቃውንም። ትከሻቸው ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይደለም።

«እሷን ጠይቋት» አሉ በመጨረሻ። «ፈረሱን ያዳነች እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ አገኘሁሽ ዞሩ።

«እንሸከማለን» አለች።

ከጽሕፈት ቤቱ ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ አቶ ደሴ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እህሉን በየጆንያው እንከፋፍለዋለን» አሉ። «ትንሽ ትንሹ ያንቺ ነው።»

«እኩል እኩል» አለች አገኘሁሽ።