በሰው ተዝካር የተደበቀው ሯጭ

በአገራችን አንድ ሰው «ለቅሶ ነበርኩ» ካለ ጥያቄው እዚያ ላይ ያበቃል። አለቃው አይቆጣውም፤ ሠርግ ጠርቶት የቀረበት ወዳጁ እንኳ አይቀየመውም። ደግ ልማድ ነው። ሐዘንተኛን በጥያቄ የማያደክም ሕዝብ የተባረከ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ደግ ልማድ መዝጊያ እንደሌለው ቤት ነው፤ እንግዳም ይገባበታል፣ ሌባም ይገባበታል። ሉማሜ ላይ የገባው ሌባው ነው።

ሥራነሽ በሉማሜ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ባሏ ኪዳነ ማርያም እዚያው ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምር ነበር፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የግጦሽ ሜዳ የአካባቢውን ልጆች ሩጫ ያሠለጥናል። ከሜዳው ማዶ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሯጭ ሁሉ እዚያ ደርሶ፣ ድንጋዩን በእጁ ነክቶ ይመለሳል። ጭጋግ በወረደ ጊዜ ድንጋዩ ከወዲህ አይታይም፤ የነካውንና ያልነካውን የሚለይ ሰው የለም። ኪዳነ ማርያም ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ «ነካኸው?» «አልነካሁም» ያለ ተመልሶ እንደገና ይሮጣል። «ነካሁ» ያለ ታምኖ ያልፋል።

«ቢዋሹህስ?» ትለው ነበር ሥራነሽ።

«የሚዋሹት እኔን አይደለም፤ እግራቸውን ነው» ይላታል።

ከዚያ ሜዳ ከወጡት ሁሉ ስሙ የገነነው አበባው ነው። ባሕር ማዶ ማራቶን ያሸነፈ ዕለት በበሽር ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት መቆሚያ ጠፋ። በሽር ለአዳራሹ ሁሉ ሻይ በነጻ ቀዳ፤ በሳምንቱም የአበባውን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ ከባንኮኒው በላይ ሰቀለው። ከአውቶቡስ ወርዶ ሻይ የሚጠጣ መንገደኛ «ይሄ የእኛ ልጅ ነው» ሳይባል አይወጣም ነበር።

እንደ አበባው ያለ ሯጭ አንድ ግዴታ አለበት። በየቀኑ የት እንደሚያድር፣ በመረጣት አንዲት ሰዓትም የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ያሳውቃል። መርማሪዎች በዚያች ሰዓት ድንገት መጥተው ሽንትና ደም ይወስዱበታል። አበረታች ቅመም በአፍም ሆነ በመርፌ አለመውሰዱ የሚታወቀው በዚህ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥተው ካጡት፣ እንደ ወሰደ ተቆጥሮ ይቀጣል። ሕጉ ጨካኝ አይደለም፤ ቤትህ ተገኝ ነው የሚለው።

አበባው ለልምምድ አገሩ ሲገባ የሚያሳውቀው የእናቱን የወይዘሮ የብርጓልን ቤት፣ ሰዓቱንም ማለዳ ነበር። ሁለት ጊዜ መጥተው አጡት። አንዴ ቁይ ገበያ ሄዷል ተባለ፤ አንዴ ደግሞ ስልኩ ተበላሽቶ ነው ተባለ።

በዚያው ዓመት ኪዳነ ማርያም በድንገተኛ ሕመም ሞተ። ስለዚያ ሥራነሽ ብዙ አትናገርም። ሕዝቡ ከጉንደ ወይን ድረስ መጥቶ ቀበረው። አበባው ግን አልመጣም፤ ውድድር ላይ ነው ተባለ። የአርባው ተዝካር ዕለት ግን ውድድር አልነበረውም። እናቱ ቤት ነበር። የእናቱን ቤት ከሥራነሽ ቤት የሚለየው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

መርማሪዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት በዚያ ማለዳ ነው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ነበሩ። ወይዘሮ የብርጓል በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው።

«አበባው አለ?» አለች መርማሪዋ።

«የለም። ያሳደገው መምህሩ ሞቶበት ተዝካር ላይ ነው። ድንኳኑ ያውና።»

«እንግዲያው እዚያው ሄደን እናግኘው።»

«ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ሰው ልትጎትቱ? ምን ዓይነት እናት ናት ያሳደገቻችሁ?»

መርማሪዋ አፈረች። የደንቡ ሰዓት እስኪሞላ ከበረንዳው ጠብቀው፣ ያላገኙትን ሰው አላገኘንም ብለው ጽፈው ተመለሱ።

ወሬው በሬዲዮ የተሰማው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አበባው ለጊዜው ታግዷል፤ ይግባኝ ብሏል። በሽር በፎቶው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለበት። «አውርደኸው እረፍ» ሲሉት፣ «ምን አደረገኝ ብዬ ላውርደው? ቀን መቁጠሪያው ምስማር አጥቶ ነው» አለ። ሳቁበት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ጉዳቱ የወደቀው አበባው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። ወንጌላዊት የምትባል የኪዳነ ማርያም የመጨረሻ ተማሪ አለች። እሱ ከሞተ ወዲህ ሜዳው ላይ ሰዓት ይዛላት የምትቆመው ሥራነሽ ናት። ልጅቷ ደብረ ማርቆስ ላይ አሸንፋ ስትመለስ፣ መናኸሪያው ላይ የቆሙ ጎረምሶች፣ «መርፌዋ መጣች! ለእኛም ውጊን እንጂ» እያሉ ተቀባበሏት። ሜዳሊያዋን ከኪሷ ሳታወጣ ሥራነሽ ቤት ገባች።

«እትዬ፣ ብሸነፍ ደካማ፣ ባሸንፍ መርፌ። ታዲያ ለምንድን ነው የምሮጠው?»

የዚህን መልስ ከሥራነሽ የወሰደባት አበባው ነው። ያን ዕለት ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐዘን ሌላ ነገር በደረቷ ውስጥ ተነሣ፤ ቁጣ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ መጣባት። የአበባው አጎት አቶ አማረ ከፊት፣ አገሩ ሁሉ በሚያከብራቸው የድጓ መምህር በየኔታ አወቀ ታጅበው። ወንበር ብታቀርብ አቶ አማረ እጃቸውን አወዛወዙ።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

በእኛ አገር ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ከበር አይመለስም። አቶ አማረም ይህን አውቀው ነው የቆሙት።

«ልስማውና፣ አያ አማረ» አለች።

«አንዲት ቃል ናት። የአበባውን ይግባኝ የሚሰሙት ሰዎች በስልክ ይጠይቁሻል። የተዝካሩ ዕለት ማለዳ እዚህ ድንኳን ውስጥ ነበር በያቸው። የሟች ሚስት ከመሰከረች ሌላ ምስክር አይሹም።»

«አልነበረም እኮ።»

«ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ማን ማንን ያያል?»

«የመጣውን ሁሉ አላየሁም፤ እውነትዎ ነው። የቀረውን ግን አውቀዋለሁ።»

አቶ አማረ ድምፃቸውን ለዘብ አደረጉ። «ሥራነሽ፣ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። ቤተ ክርስቲያናችንን ቆርቆሮ ያለበሰው ማነው? የሉማሜን ስም ዓለም የሰማው በማን ነው? ፈረንጅ በጻፈው ሕግ የገዛ ልጃችንን አሳልፈን እንስጥ? ደግሞስ የኪዳነ ማርያም ተማሪ ሲዋረድ ኪዳነ ማርያም አይዋረድም?»

የመጨረሻዋ ቃል ዘልቃ ገባች። ሥራነሽ ወደ መሬት አየች። እሺ ብትል ጎረቤቷን ታድናለች፤ የባሏን የጀግና አሠልጣኝ ስም ታቆያለች። እምቢ ብትል ሽማግሌ የመለሰች ሴት ተብላ ትኖራለች። በዚህ መካከል የኔታ አወቀ በዘንጋቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«ቆይ አማረ። እኔን ስታመጣኝ፣ ልጁ ለቅሶ ላይ ሳለ ተበደለ ብለኸኝ ነው። ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«የኔታ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ …»

«ነገሩን አልጠየቅሁህም።»

አቶ አማረ ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«በሐሰት አትመስክር ስል ነው ፀጉሬ የሸበተው» አሉ የኔታ። «ሽማግሌ የሚላከው የተጣላ ሊያስታርቅ ነው፤ ሐሰት ሊለምን አይደለም። ወንበሩን አምጪው ልጄ። እኔ ልቀመጥና አንቺን ይቅርታ ልለምንሽ።»

ተቀመጡ። አቶ አማረ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ።

«አያ አማረ» አለች ሥራነሽ፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ ከሳሽ አይደለሁም። ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ግን አልነበረም እላለሁ። እህል ቢሉኝ እሰጥዎታለሁ፤ በሬም ቢሉኝ አውስዎታለሁ። የባሌን ሞት ግን አላውስም። በቁሙ አላስታወሰው፣ ሲቀበር አልደረሰ፤ አሁን ደግሞ ተዝካሩን መደበቂያ ያድርገው? ፈረንጅ የጻፈው ሕግ ነው አሉኝ። ነካኸው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ሕግ ግን ከእኛው ሜዳ የወጣ ነው። ወንጌላዊትን መናኸሪያ ላይ የሚሰድቧት ፈረንጆች አይደሉም። እኛ ነን ያሰደብናት።»

አቶ አማረ ሳይሰናበቱ ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራነሽን መንገድ ላይ ሰላም የማይሏት ሰዎች በዙ። ውሃ ስትቀዳ ወሬያቸውን የሚያቋርጡ ነበሩ። አንዳንዱም «ባሏ ሞቶባት ልቧ ጠጠረ» አለ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ አበባው ራሱ መጣ። ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል። ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ፣ «ነፍሱን ይማር» አለ።

«ለአንተም ያኑርህ» አለች።

«እትዬ፣ የት ነበርክ አትይኝም?»

«የት ነበርክ?»

«ጓዳ ነበርኩ። እናቴ ከጎተራው ኋላ ሸሽጋኝ። ካህናቱ ሲጸልዩ ይሰማኝ ነበር። ስሙን ሲጠሩ ሰምቻለሁ። መነሣት አቃተኝ።»

«ምን ፈርተህ?»

«ከማራቶኑ በፊት እግሬን ሲያመኝ አንድ ሰው መርፌ ወጋኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ቢነግረኝ እምቢ ማለት ስለሚኖርብኝ ነው ያልጠየቅሁት።» ፊቱን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «ድንጋዩን አልነካሁም፣ እትዬ።»

ሥራነሽ ልትራገመው የምትችልበት ቀን ነበር፤ ልታባብለውም ትችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም።

«ያልነካ ምን ያደርግ ነበር?» አለችው።

«ይመለሳል።»

«እንግዲያው ተመለስ።»

አበባው ይግባኙን ተወ። በስልክ ለጠየቁት ሰዎች ለቅሶ ቤት እንዳልነበረ፣ መርፌ መወጋቱንና ማን እንደወጋው ነገራቸው። ለዓመታት ታገደ፤ ድሉም ተሰረዘ። በሽር ቀን መቁጠሪያውን ሌላ ምስማር ላይ አዛወረው። ፎቶውን ግን እዚያው ተወው። «አሁን ሲጠይቁኝ ሙሉውን እነግራቸዋለሁ» ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ ሯጭ ብቻውን አይደበቅም። በሩ ላይ ቆማ «የለም» የምትል እናት፣ «የእኛ ልጅ ነው» የሚል ሰፈር፣ ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ወገናችንን የረዳን ይመስለናል። የረዳነው ግን መርፌውን የወጋውን ሰው ነው፤ የጎዳነውም በማለዳ ተነሥቶ በንጹሕ እግሩ የሚሮጠውን ልጅ ነው። አንዱን ውሸታም ስንሸፍን ሌሎቹን ሁሉ ተጠርጣሪ እናደርጋለን። ይህ ፍቅር አይባልም። በደል ነው፤ በስሙ ልንጠራው ይገባል።

በቀጣዩ ዓመት ወንጌላዊት በአገር አቀፍ ውድድር አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ እሷም ቤቷንና ሰዓቷን ከሚያሳውቁት አንዷ ሆነች። አንድ ማለዳ ያቺው መርማሪ ሉማሜ ገብታ፣ ጭጋጉ ውስጥ መንገድ ጠፍቷት ስትንከራተት፣ ውሃ ይዘው የሚመለሱ አሮጊት አገኘች። ወይዘሮ የብርጓል ነበሩ። ሁለቱም ያንን ማለዳ አስታወሱ፤ መርማሪዋ ልታልፍ ስትል አሮጊቷ ማሰሯቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ወንጌላዊትን ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቤቷ ወዲህ ነው፤ ተከተይኝ» አሉና ከፊቷ እየመሩ በሩን ራሳቸው አንኳኩ። «ወንጌላዊት፣ ውጪ ልጄ። ሊያዩሽ መጥተዋል።»